ሙኻለፋ ሲመጣ ዝም አንበል

ርዕሰ አንቀጽ



ለዚህ እትም ስለ ዕረፍት ቀን ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። ባለፈው ዓርብ ግን እዚህ ሹመይሲ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ አንዷ እህታችን ስልኳን አወጣችና «እስቲ ይቺን አንብቡልኝ፤ ማዳም ከራቲብሽ ይቆረጣል ብላኛለች» አለችን። ማዳሟ በዋትስአፕ ያስተላለፈችላት መልእክት ነው። ስናነበው የመኪና ማቆሚያ ሙኻለፋ ሆኖ አገኘነው፤ የተከፈለበት ሰዓት አልቆ ቆሞ የተገኘ መኪና። እህታችን መኪና የላትም። መንጃ ፈቃድም የላትም። መሪ ጨብጣ አታውቅም። ቅጣቱ ግን ከእሷ ደመወዝ ሊቆረጥ ነው።

ሳቅን፤ ከዚያ ግን ዝም አልን። እኔ ዝም ያልኩት ይሄው ነገር በእኔም ላይ ደርሶ ስለነበር ነው። ስለዚህ የዕረፍት ቀኑ ለሚቀጥለው እትም ይቆየንና ዛሬ ስለ ሙኻለፋ እንነጋገር።

በመጀመሪያ ግን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡላቸው ከሆነ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ሹመይሲ ስንል ይደነግጣሉ፤ በጅዳ መንገድ ያለው ማጎሪያ ይመስላቸዋል። የእኛው ሹመይሲ በሪያድ ውስጥ ያለ አሮጌ ሰፈር ነው፤ ትልቁ የንጉሥ ሳዑድ ሆስፒታል ያለበት። የታሰረ የለም፤ ደህና ነን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ድሮ መኪና የወንዶች ጉዳይ ነበር። ከጁን 24፣ 2018 ጀምሮ ሴቶች መንዳት ሲፈቀድላቸው የብዙዎቻችን ሥራ ሳናስተውለው ተለወጠ። ማዳም ራሷ ትነዳለች፤ እኛ ከኋላ ልጅ ይዘን እንቀመጣለን። እሷ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ሱቅ ስትገባ «አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ሰዓቱን እይልኝ» ትለናለች። በውላችን ላይ ያልተጻፈ አዲስ ሥራ ተጨመረልን። በዚያ ላይ ከ2024 ክረምት ጀምሮ ሪያድ ውስጥ በክፍያ መኪና የሚቆምባቸው መንገዶች መጡ። እንደ ወሩድና ምዕራብ ዑለያ ባሉ ሰፈሮች፣ ሱቅ በበዛባቸው መንገዶች ዳር ተጀመረ። ቀድሞ በነጻ ይቆምበት የነበረ ቦታ አሁን ማሽን አለው፣ መተግበሪያ አለው፣ ታርጋ እያነበበ የሚያልፍ ካሜራ አለው።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ማዳም የጥርስ ቀጠሮ ነበራት። መኪናዋን አቁማ ካርዷን ሰጠችኝና «ማሽኑ ላይ ታርጋውን ጽፈሽ አንድ ሰዓት ክፈይ» ብላ እየሮጠች ገባች። ሕፃኑን አቅፌ ወረድኩ። የመኪናዋን ቁጥር ከታርጋው የላይኛው መስመር አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ካርዱን አስነካሁ፣ ወረቀቷ ወጣች። በኪሴ ከተትኳት። ከሳምንት በኋላ ማዳም «አልከፈልሽም እንዴ? ሙኻለፋ መጣብኝ» አለችኝ። «ከፍያለሁ» አልኳት። «ከፍለሽ ቢሆን አይመጣም ነበር» አለች። የወሩ መጨረሻ ላይ ከ1,000 ሪያሌ 100 ጎደለ። ሦስት ቀን ሙሉ በነጻ እንደ መሥራት ነው፤ ወይም እናቴ ለአንድ ወር መድኃኒት የምትገዛበት።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ውሸታም መባሌ ነው ያንገበገበኝ። ከዚያ ወረቀቷ ትዝ አለችኝና ከጆንያ ሱሪዬ ኪስ ፈልጌ አወጣኋት። በስልኬ ካለው የታርጋው ፎቶ ጋር አስተያየሁት። አንድ ቁጥር ተሳስቻለሁ! በዐረብኛ አጻጻፍ አምስት ቁጥር ክብ ናት፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። እኔ ክቧን አይቼ ዜሮ ጻፍኩ። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ግን በሌላ ሰው ታርጋ።

በማግስቱ ወረቀቷንና ፎቶውን ይዤ ማዳም ፊት ቀረብኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አልዋሸሁም፤ ይኸው ሰዓቱ፣ ይኸው ቀኑ፣ ይኸው ያንቺ ካርድ፤ አንድ ቁጥር ነው የተሳሳትኩት» አልኳት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ትልቁን ልጇን ጠራችው። ልጁ በስልኩ ተቃውሞ ጻፈ፣ የወረቀቷን ፎቶ አያያዘ፣ ላከ። ከቀናት በኋላ ቅጣቱ ተሰረዘ። በሚቀጥለው ወር 1,100 ሪያል ተሰጠኝ። ይቅርታ አልተባልኩም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍያ ስናገር ትሰማኛለች።

ይህን የምነግራችሁ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። ወረቀቷን ጥዬ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ እቀር ነበር። አገራችን እንዲህ አይደለም። አዲስ አበባ መኪና የሚያስቆመው ወጣት ወረቀት መስታወት ላይ ይሰካል፤ ተረፈ ጎደለ ብለህ ትከራከረዋለህ፣ «ኧረ አሁን ነው ያቆምኩት!» ትለዋለህ፣ ሲብስም ትለምነዋለህ፤ ሰው ነውና ይሰማሃል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የምንለው ለዚያ ነው። እዚህ ግን ማሽን አይለመንም። እዚህ አፍ ማለት ማስረጃ ነው፤ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ሰዓት፣ ቁጥር። በእንባ የማይረታ ነገር በደረሰኝ ይረታል።

አሁን የማይረሳኝን የአንድ ወንድማችንን ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ ሹመይሲ የቤት ሾፌር ነው። የሚያመላልሳቸው ሽማግሌ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ያደርሳቸዋል። በራቸው ላይ ካላወረዳቸው መራመድ አይችሉም። ስለዚህ የማይቆምበት ቦታ ይቆማል። ደጋግሞ ቆመ። ማንም ምንም አላለውም። በ2025 መጀመሪያ ላይ እናቱ ታመው ወደ አገር ለመሄድ ኹሩጅ ወ ዓውዳ ሲጠየቅለት ሲስተሙ እምቢ አለ። በኢቃማ ቁጥሩ ላይ 13 ሙኻለፋ ተመዝግቦ ተገኘ፤ እያንዳንዱ 150፣ በጠቅላላው 1,950 ሪያል። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ያለበት የውጭ አገር ሰው የመውጫ ቪዛ አይወጣለትም፤ ኢቃማውም አይታደስም። ይህን አያውቅም ነበር።

የባሰው ደግሞ ከ13ቱ አራቱ የእሱ አልነበሩም። ሌሊት የቤቱ ልጅ መኪናውን ይዞ ሲዞር የመጡ ናቸው፤ ሰዓቱ ይመሰክራል። ግን መኪናው በእሱ ስም «ሙስተኽዲም ፊዕሊ» ማለትም ትክክለኛው ተጠቃሚ ተብሎ በአብሸር ተመዝግቧል። እንዲህ ተመዝግቦ የተገኘ ሰው ማንም ይንዳው ማን ቅጣቱ በእሱ ላይ ይወድቃል። ይቃወም ቢባል ጊዜው አልፏል፤ የሁሉም ቀን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሉ አንድ ነገር ረዳው። መንግሥት ከአፕሪል 18፣ 2024 በፊት ለተመዘገቡ ቅጣቶች የግማሽ ቅናሽ አድርጎ ነበርና፣ ጊዜውም እስከ አፕሪል 18፣ 2025 ተራዝሞ ስለነበር 975 ሪያል ከፈለ። ያንን ገንዘብ እኛው አዋጥተን አበደርነው። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ አገሩ ገባ። እናቱን በሕይወት ደርሶባቸዋል፤ ግን አላወቁትም።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ አባቶቻችን። የሙኻለፋ ነገር እንዲያ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን የተማረውን እንደሚከተለው አስቀምጫለሁ። ቆርጣችሁ ያዙት።

አንደኛ፤ ሙኻለፋው በማን ስም እንደሆነ እዩ። ቅጣት የሚመዘገበው በመኪናው ባለቤት ወይም በአብሸር ላይ ተጠቃሚ ተብሎ በተመዘገበው ሾፌር ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች የቤት ሠራተኛ ስም አይመዘገብም። የራሳችሁን አብሸር ክፈቱና እዩ፤ እዚያ ከሌለ በመንግሥት ዘንድ የእናንተ ዕዳ አይደለም። ያኔ ጉዳዩ በእናንተና በአሠሪያችሁ መካከል ያለ የደመወዝ ጉዳይ ይሆናል፤ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ማን እንደቀጣ እዩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የሙሩር ነው፤ መቆም በተከለከለበት ቦታ ቆሞ መገኘት ከ100 እስከ 150 ሪያል ያስቀጣል፤ በአካል ጉዳተኞች ቦታ ከሆነ ከ500 እስከ 900 ይደርሳል። ሌላው በክፍያ የሚቆምበት ቦታ ሰዓት ሲያልፍ የሚመጣው ነው። የሙሩሩ ተቃውሞ በአብሸር ነው የሚቀርበው። የማቆሚያው ግን መልእክቱ ላይ የተጻፈውን የላኪውን ስም አይታችሁ በዚያው መተግበሪያ ወይም በዚያው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። በተሳሳተ በር ያንኳኳ ሰው ጊዜው ያልቅበታል።

ሦስተኛ፤ መልእክቱን እንደ ደብዳቤ አንብቡት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የታርጋው ቁጥር፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ የገንዘቡ መጠን። አንዱ ስህተት ከሆነ ተቃውሞ አለ ማለት ነው። ያን ሰዓት የት ነበራችሁ? መኪናው ጋራዥ ነበር? ሌላ ሰው ነው የያዘው? ለአንዳንዱ ቅጣት ፎቶ አለ፤ አብሸር ላይ ፎቶውን ክፈቱና ታርጋውን በራሳችሁ ዓይን እዩ።

አራተኛ፤ ታርጋ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የሳዑዲ ታርጋ ቁጥሩም ፊደሉም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ከላይ በዐረብኛ፣ ከታች በላቲን። ከታች ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ እኔ የወደቅኩት ከላይ አንብቤ ነው። ፊደሉ ደግሞ በድምፁ አይገመትም። ለምሳሌ የዐረቡ ሚም ከታች በዜድ ነው የሚጻፈው፤ ሓ ደግሞ በጄ። «ሚም ከሆነ ኤም ነው» ያለች ተሳሳተች። ከመኪናው ከመራቃችሁ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንሡ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ደረሰኙንም ፎቶ አንሡ። የደረሰኝ ቀለም በሙቀት ይጠፋል፤ ፎቶ ግን አይጠፋም።

አምስተኛ፤ 30 ቀኑን ቁጠሩ። የትራፊክ ቅጣትን ለመቃወም ያላችሁ ጊዜ 30 ቀን ነው። ተቃውሞ ደግሞ የሚቀርበው ከመክፈል በፊት ነው፤ «ልክፈልና በኋላ እከራከራለሁ» አይሠራም። አብሸር ውስጥ ገብታችሁ፣ ከአገልግሎቶቹ ሙሩር የሚለውን፣ ከዚያም «ኢዕቲራድ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ቅጣቱን ትመርጣላችሁ፤ ምክንያታችሁን በአጭሩ ትጽፋላችሁ። አጭርና ቀጥተኛ ይሁን። «ድሃ ነኝ፣ ማሩኝ» አይደለም የሚጻፈው፤ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መኪናው ጋራዥ ነበር፣ ደረሰኙ ይኸው» ነው። ውሳኔው ካላረካችሁ የትራፊክ ጉዳይ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለ።

ስድስተኛ፤ ያጠፋችሁ ከሆነ ክፈሉ። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ቅር ትሰኛላችሁ። ግን ሁሉም ሙኻለፋ ስህተት አይደለም። ሰዓቱ አልፎ ከሆነ አልፏል። ለአዳዲስ የትራፊክ ቅጣቶች በወቅቱ ለሚከፍል ሩብ ይቀነሳል፤ 150 የነበረው 112 ተኩል ይሆናል። በማይረታ ነገር ተከራክሮ ያንን ቅናሽ ማጣትና የመውጫ ቪዛ ላይ መደናቀፍ ጥበብ አይደለም። ለእውነተኛው ጉዳይ ጉልበታችሁን አቆዩ።

ሰባተኛ፤ አብሸራችሁ በእጃችሁ ይሁን። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን አብሸር ከፍተን የማናውቅ? ስንቶቻችን ነን የማረጋገጫ ቁጥሩ በከፊላችን ስልክ የሚገባ? ወንድማችን 13 ቅጣት ሲጠራቀምበት ያላወቀው መልእክቱ የሚገባው በእሱ ስልክ ስላልነበረ ነው። በኢቃማችሁ የወጣ የራሳችሁ ሲም ይኑራችሁ፤ አብሸርን በእሱ አስመዝግቡ። ገበያ አዳራሾች ውስጥ ያሉት የአብሸር ማሽኖች በጣት አሻራ ያነቁላችኋል። በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ በምትልኩበት ቀን፣ ሙኻለፋ አለብኝ ወይ ብላችሁ እዩ። አብረው የሚሠሩ ሾፌር ወንድሞቻችሁንም አስታውሷቸው፤ መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ «ተጠቃሚነቱን በስሜ ብቻ አታድርጉት» ብለው በመልካም ቃል አሠሪያቸውን ይጠይቁ።

ስምንተኛ፤ አትታለሉ። «ያልተከፈለ ሙኻለፋ አለብዎ፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ አትጫኑ። አብሸርን ራሳችሁ ክፈቱና እዩ፤ ከሌለ የለም። የማረጋገጫ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፤ ለአገር ልጅም ቢሆን። «ሙሩር ውስጥ ሰው አለኝ፣ በ300 ሪያል አስፍቅልሻለሁ» የሚል ደላላም አይጠፋም። ቅጣት ወይ በተቃውሞ ይሰረዛል ወይ ይከፈላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ደመወዙ ልመለስ። በዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ እንዳይቆርጥ ያግዳል። የሚቆረጠው በሦስት ምክንያት ነው፤ ሠራተኛዋ ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ላበላሸችው ነገር፣ ለወሰደችው ብድር፣ ወይም በእሷ ላይ ለተሰጠ ውሳኔ። ያም ቢሆን ከደመወዙ ግማሽ አይበልጥም። የቤት ሾፌርም በዚሁ ደንብ ሥር ነው። እንግዲህ ማዳም ራሷ አቁማው ረስታው የሄደችው መኪና ቅጣት ከእነዚህ ከየትኛው ይገባል? ከአንዱም። «ሰዓቱን እይልኝ» ተብላችሁ ተኝታችሁ ከሆነ ግን ቸልተኝነት ነው ልትል ትችላለች፤ ለዚህ ነው ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ የምላችሁ።

ይህን ደንብ አንብባችሁ ግን በማግስቱ ማዳም ላይ አትጩኹ። ሕግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ቤት ማደር ሌላ ነገር ነው። እኔን የረዳኝ ጩኸት አልነበረም፤ ወረቀቷ ነች። መጀመሪያ ማስረጃውን በትሕትና አሳዩ። ልጆቹ ወይም ሽማግሌዎቹ የሚሰሙ ከሆነ በእነሱ በኩል አስነግሩ። እምቢ ከተባለና ደመወዛችሁ በተደጋጋሚ ከተቆረጠ የሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 አለ፤ ኤምባሲያችንም ሰፋራት ሰፈር ነው። ከዚያ በፊት ግን ለእኛ ንገሩን፤ ብቻችሁን አትወስኑ።

ያቺ የዓርቧ እህታችን እንዴት ሆነች ብላችሁ ብትጠይቁኝ፤ መልእክቱን አብረን አነበብነው። ቅጣቱ የተመዘገበበት ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ልጆቹን ይዛ ቤት ነበረች፤ ማዳሟ ራሷ «ምግቡን አሞቂው» ብላ የላከችላት የድምፅ መልእክት በስልኳ አለ፣ ሰዓቱም ተጽፎበታል። ተነጋግረን ምን እንደምትል አለማመድናት። አንዷ ማዳም ሆነች፣ እሷ እራሷን ሆነች፤ ሦስት ጊዜ ደገምነው። በመጀመሪያው አለቀሰች፣ በሁለተኛው ተንተባተበች፣ በሦስተኛው ቀና ብላ ተናገረች። ይህን ስጽፍ 30 ቀኑ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ማዳሟን ዛሬ ማታ ታናግራታለች።

እናንተም እንዲህ ያለ መልእክት ካላችሁ ዓርብ ቡና ላይ ይዛችሁ ኑ። ዐረብኛ የሚያነቡ ሁለት እህቶች አሉን፤ ስልክ የሚገባቸው ወንድሞችም አሉ። ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ቀናችሁን ቁጠሩ። የእናንተ ያልሆነውን ዕዳ ዝም ብላችሁ አትሸከሙ፤ የእናንተ የሆነውን ደግሞ ሳይከመር ክፈሉ።

በሰላም ያገናኘን።